የዋርሳዬ ናፍጣ

መኪናው የቆመው ከዲክሲስ ወጥቼ አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ነው። መጀመሪያ ጉልበት አጣ፤ ነዳጁን እየረገጥኩት አይሄድም። ቀጥሎ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር መጣ፤ አንብቤ ሳልጨርስ ሞተሩ ጠፋ። እንደምንም ዳር አስይዤ የእጅ ፍሬን ያዝኩና ቁጭ አልኩ። ግራና ቀኙ ስንዴው ታጭዶ ገለባ ብቻ የቀረበት ማሳ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እደነግጥ ነበር፤ ወይ ወርጄ ጎማውን በእርግጫ እያልኩ እሳደብ ነበር። በስድብ አልታማም። ያን ቀን ግን ምንም አልመጣልኝም። ዕቃ ነው፣ ተበላሸ አልኩ፤ ወንበሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከውስጡ አልወረድኩም።

ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ ነበር የምኖረው። ሰው እንደሚያስበው ቀን ከሌት የማዝን አልነበርኩም፤ ምነው ባዘንኩ። ደንዝዤ ነበር። ጥርስ ሊነቅሉ መርፌ ሲወጉን ከንፈራችን የራሳችን አይመስለንም አይደል? እኔ ሙሉ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር። መደብሬን እከፍታለሁ፣ ስንዴ እገዛለሁ፣ ገብስ እሸጣለሁ፣ ከአዳማ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር በዋጋ እጨቃጨቃለሁ። ሁሉንም በደንብ እሠራለሁ። ግን ዛሬ እንዴት ዋልሽ ብሎ የምሩን የሚጠይቀኝ ቢኖር የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለ መኪናው ልናገር። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የነዳው በሩ በሽቦ የሚታሰር አሮጌ ፒክአፕ ነው። እህል ነጋዴ ነን። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በጋራ የገዙት አንድ ኮምባይነርም ነበራቸው፤ በመኸር ከማሳ ማሳ እየዞረ የሰው ስንዴ ያጭዳል፣ የሚያስገባውን ለሁለት ይካፈላሉ። አንድ ዓመት ገበያው ቀናንና ባሌ እኔን ሳያማክር አዲስ አበባ ሄዶ ትልቅ የሀብታም መኪና ይዞ መጣ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ነው የሸጠለት፤ ብዙም አልተነዳም። ጭቃ፣ ዳገት፣ ወንዝ የማይል መኪና ነው። በሩ ሲከፈት መርገጫው ራሱ ይወርዳል፤ ወንበሩ ይሞቃል። "ለእህል ነጋዴ ይሄ ምን ይሠራለታል? ሰው ምን ይለናል?" ብዬ ጮኽኩበት። "ሰው የፈለገውን ይበል። የአሰላ ብርድ ወገብሽን ሲይዝሽ ሰው አይደለም የሚያሞቅልሽ፣ ይሄ ወንበር ነው" አለኝ። በሕይወቱ የሠራው አንድ ቅብጠት ይሄ ነበር።

ሲሞት ሁሉም ሽጪው አለኝ። ሴት ልጅ ይሄን የሚያህል መኪና ይዛ ምን ታደርጋለች፣ ለሐዘንተኛም አያምርም፣ ተባለ። አልሸጥኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ባሕር ዛፉ እስኪያልቅ እነዳና አንድ ሜዳ ላይ አቆማለሁ። ወንበሩን አሞቃለሁ። እዚያ "አይዞሽ" የሚለኝ የለም፤ "እግዜር ያጽናሽ" የሚለኝ የለም። አላለቅስም፣ አልጸልይም፣ እቀመጣለሁ እንጂ። ከሳምንቱ ውስጥ የራሴ ናት የምላት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች። ከዚያ ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረኝም፤ ያንንም መፈለጌን ያወቅኩት መኪናው ሲቆም ነው።

ዲክሲስ የሄድኩት ዋርሳዬ ጋ ነበር። የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፣ ያለው ወንድም እሱ ብቻ ነበር። በመኸር ማብቂያ የኮምባይነሩን ሒሳብ ለመዝጋት ወደ እሱ የሚሄደው ባሌ ነበር፤ መደብሩ በዚያ ወቅት ስለሚጨናነቅ እኔ አሰላ እቀራለሁ። ዘንድሮ የሚሄድ ስለሌለ እኔ ሄድኩ። ሽማግሌው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። ስለ ወንድሙ አላወራንም። ስለ ዋግ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ኮምባይነሩ ቢላ አወራን፤ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ድርሻዬን ቆጥሮ ሰጠኝ። እሱም እንደ እኔ ነገር ቀዝቅዞበት እንደነበር ያየሁ ይመስለኛል፣ ግን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ልሄድ ስነሳ "ቆዪ፣ ታንከሩ ሳይሞላ?" አለኝ።

እዚያ አገር እንግዳ ባዶ እጁን አይወጣም። አንዱ ዶሮ ያስይዛል፣ አንዱ ባቄላ በኩንታል ይጭናል። ዋርሳዬ ደግሞ ናፍጣ ነው የሚሰጠው። መኸር ሲደርስ ማደያው ስለሚደርቅ ኮምባይነር ያላቸው ሁሉ ናፍጣ ሲገኝ እየገዙ በበርሜል ያስቀምጣሉ። የእሱም በርሜሎች ከጓሮ ከቆርቆሮ ጥግ ተደርድረው ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ኮምባይነሩ ያንን ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ፒክአፓችንም እንደዚያው።

"ጋሼ፣ ከግማሽ በላይ አለው እኮ፣ አይድከሙ" አልኩት።

"የወንድሜ መኪና ከእኔ ግቢ ጎሎ አይወጣም።"

ጀሪካኑን ራሱ ተሸከመ፤ የሚያግዘውን ሠራተኛ ገፍቶ አባረረው። ፈሳሹን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እያጠለለ፣ ጠላ እንደሚያጠልል ሰው በጥንቃቄ፣ እስከ አፉ ሞላው። ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አጠበቀ። ከዚያ መኪናውን እንደ ከብት ጎኑን መታ መታ አደረገው። እኔ ስንዴ ነክሼ እርጥበቱን አውቃለሁ፤ ናፍጣ ግን ለእኔ ናፍጣ ነው። አመስግኜ፣ ጉልበት ስሜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ ዋርሳዬ ስልክ ደወለ። "ደረስሽ?" አለኝ። በዚያ ብርድ ተነስቶ እንዳይመጣ ብዬ "በሰላም ገባሁ" አልኩት። ከዚያ የተበላሸ መኪና የሚጭን ሎቤድ ላለው አሰላ ለሚኖር ሰው ደወልኩ። መኪናው በሌላ መኪና ጀርባ ታዝሎ ከተማ ሲገባ ሰው ሁሉ ከሱቁ ወጥቶ አየው። ከኋላው በባጃጅ ተከትዬ ነበር። ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ነው የሆንኩት፤ ያም አላሳፈረኝም።

አሰላ ውስጥ ያን ሰሞን መካኒክ ያልሆነ ሰው አልነበረም። አንዱ ባትሪ ነው አለ፣ አንዱ ኮምፒውተሩ ተናግቶ ነው አለ፣ የጎረቤቴ ባል ደግሞ "የፒክአፕ ሞተር ይገባበታል" አለ፤ በሕይወቱ ብስክሌት እንኳ ኖሮት አያውቅም። አንዲት ሴትዮ ጠበል እርጪበት አለችኝ። ሁሉንም "እሺ" አልኩ። መጨረሻ ላይ ያው አዲስ አበባ፣ የመኪናው ዓይነት የሚጠገንበት ጋራዥ ተጭኖ ሄደ።

ጋራዡ ጋራዥ አይመስልም። ግድግዳው መስታወት ነው፣ ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ የለም፣ ቡና ከማሽን እየቀዳች የምታመጣ ልጅ አለች። ኃላፊው ሸሚዙ የነጣ ወጣት ነው፤ "ማዘር፣ ይረጋጉ" እያለ ተቀበለኝ። እኔ ደግሞ ከእኔ በላይ የተረጋጋ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። አንድ የመስታወት ማሰሮ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከመኪናዬ የተቀዳ ናፍጣ ነው። ከላይ ደፍርሷል፣ ከሥር ውኃ ተኝቷል፣ ከውኃው ሥር ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ አለ።

"ይሄን ከየት ነው የቀዱት?"

"ከማደያ" አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

አስረዳኝ። ይሄ ሞተር እንደ ድሮዎቹ አይደለም፤ ውኃ ከገባበት ፓምፑ ራሱን ይበላል፣ የበላውን ብረት ደግሞ አድቅቆ ናፍጣ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ይልከዋል። ስለዚህ ፓምፑ፣ ኢንጀክተሮቹ፣ ቱቦው፣ ታንከሩ፣ ሁሉም ይቀየራል። ዋጋውን በአፉ አልተናገረም፤ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እኔ አዞረልኝ። አጠገባችን ባለችው ሳጉሬ ከተማ ጥሩ ቤት ከነግቢው የሚገዛ ገንዘብ ነው።

"ዋራንቲ አለው ብሎኝ ነበር ባሌ" አልኩ።

ልጁ አየ። "አልቋል ማዘር። የማስታወሻ መልእክት ልከን ነበር። ግን ካለቀ ብዙም አልቆየም" አለኝ፣ እንደ ማጽናኛ።

"ባለቤቱም ካለፈ ብዙም አልቆየም" አልኩት።

ፊቱ ቀላ። መልእክቱ እውነት መጥቶ ነበር፤ በባሌ ስልክ፣ "ውድ ደንበኛችን" የሚል፣ በአርባው ሰሞን። ስልኩን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። ልጁ ቀጥሎ ዋራንቲው ባያልቅም ኖሮ በመጥፎ ነዳጅ የመጣ ብልሽት እንደማይሸፈን ነገረኝ። "ነዳጁን የሰጠዎትን ሰው ግን መጠየቅ ይችላሉ፤ መክፈል ያለበት እሱ ነው" አለ። ቡናዬን ጠጣሁ። ቡናው ምንም ጣዕም አልነበረውም፤ የማሽኑ ጥፋት ይሁን የእኔ አላውቅም።

በሚኒባስ ወደ አሰላ ስመለስ ነገሩን አሰብኩት። መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ገበያው ዳር ያለውን መጋዘኔን ሸጬ መኪናውን ማሠራት። መጋዘን የሌለው እህል ነጋዴ ደግሞ ነጋዴ አይደለም፤ በጣሳ እየሰፈረ የሚውል ቸርቻሪ ነው። ሁለተኛው፣ መኪናውን እየፈቱ መለዋወጫ ለሚሸጡ ሰዎች እንዳለ መስጠት። ሦስተኛው፣ ዋርሳዬ ጋ ሄዶ "ጋሼ፣ ናፍጣዎ የወንድምዎን መኪና ገደለው" ማለት። ሰውየው ካለው ሁሉ ሸጦ ይከፍላል፣ በዚያ አልጠራጠርም። ግን ወንድሙን የቀበረው ገና ዓምና ነው። ለወንድሙ አሁን ማድረግ የሚችለው ብቸኛ ነገር ያንን ታንከር መሙላት ነበር። እሱን ከእጁ ወስጄበት ምን እንደሚተርፈው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ምንም አላደረግኩም። ጋራዡ በየሳምንቱ እየደወለ "ወሰኑ ወይ?" ይለኛል፤ "እያሰብኩ ነው" እላለሁ፤ አላስብም። እሑድ እሑድ ቤት ተኝቼ ጣሪያ አያለሁ።

አዳማ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለችን። በምላሷ እኔን ነው የምትመስለው። በስልክ አፋጠጠችኝ።

"ነዳጁን ከየት ነው የቀዳሽው? እውነቱን ንገሪኝ።"

ልጅን መዋሸት ይከብዳል፤ ነገርኳት።

"ታዲያ አጎቴ አይከፍልም እንዴ? ኮምባይነር አለው አይደል?"

"አጎትሽ ነው።"

"ያ መኪና ደግሞ የአባቴ ነው! ሌላ ምን ቀረልን ከሱ?"

"ተይው፣ የእኔ ጉዳይ ነው" አልኳት። እሺ አለች። እሺ ካለች ደግሞ እንደማትሰማ ማወቅ ነበረብኝ። በዚያው ቀን ለአጎቷ ደውላ ሁሉንም ነግራዋለች።

ከዲክሲስ ምንም ድምፅ አልመጣም። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ መደብሬን ገና ሳልከፍት፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ዋርሳዬ ነው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። በእኛ አገር የበደለ ሰው እስኪከሰስ አይጠብቅም፤ ሽማግሌ ይዞ የተበደለው ሰው በር ላይ ይቆማል። ግን በዚህ ጊዜ ተበደለች የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰውየው ደግሞ በዕድሜ አባቴ ሊሆን ይችላል። ጋቢውን በደረቱ አመሳቅሎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የእርሻ ጎረቤቱ ነው። ሌላው ከዲክሲስ መውጫ ላይ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሀጂ ናቸው፤ ባሌን ያውቁት ነበር፣ ለቅሶም መጥተዋል።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ውኃ ላምጣ ብል ጉዳያችን ሳይሰማ እህል ውኃ አንቀምስም አሉ። ጎረቤትየው በኦሮምኛ መርቆ ሲያበቃ ወደ አማርኛ ተሻገረ፤ ጥፋት መኖሩን፣ አጥፊውም ሳይጠራ ራሱ መምጣቱን ተናገረ። ከዚያ ዋርሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህት ዓለም፣ ልጅቱ ነግራኛለች። መስማት የነበረብኝ ከአንቺ ነበር፣ ግን ይሁን። ኮምባይነሩን እሸጣለሁ። ግማሹ የወንድሜ ነው፣ ያ የአንቺ ነው። የእኔንም ግማሽ ውሰጂና መኪናውን አሠሪ።"

ኮምባይነሩን ከሸጠ የሚቀረው አንዲት ቁራጭ መሬት ናት። በዚያ ላይ በአካባቢው የኮምባይነሩ ሰውዬ ተብሎ ነው የሚጠራው፤ መኸር ሲመጣ ሰው ወረፋ ይዞ ደጁ የሚቆመው ለዚያ ነው። እሱን ለወንበር ማሞቂያ ሊሰጠኝ ነው። ይሄን ሁሉ አሰብኩ፣ ግን እንደ ሰው ታሪክ ነው ያሰብኩት፤ ደረቴ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ" አለ። ድምፁ ወረደ። "ለወንድሜም በየመኸሩ ከዚያው በርሜል ነበር የምቀዳለት። ለዚሁ ለራሱ መኪና። አንድ ቀን ቆመ አላለኝም፣ አንድ ቀን ታመመ አላለኝም። ዘንድሮ ምን አድርጌ ነው? ጨርቁ ነው? እኔ ራሴ ነው ያጠብኩት። እየተኛሁ እየተነሳሁ አስባለሁ፤ አላገኘሁትም። ምናልባት እሱ ባይሆንስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት አላየሁም። "አይደለም" የምትለውን አንዲት ቃል ለማግኘት ሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው ዓይን ነበር፤ ለዚያች ቃል ኮምባይነሩን ይዞ መጥቷል።

እኔም ነገሩ ገረመኝ። እውነት ነው፣ ባሌ በየመኸሩ ሙሉ ታንከር ይዞ ነበር የሚመለሰው፤ መኪናው አንዴም አስነጥሶት አያውቅም። ግን ያ የመስታወት ማሰሮ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ውኃው፣ ዝቃጩ። ሀጂ ወለሉን ይመለከታሉ፤ ቆባቸውን አውልቀው በጣቶቻቸው ያዞሩታል።

"ጋሼ፣ ራስዎ መለሱት እኮ" አልኩ። "ናፍጣው ቢሆን በእሱ ጊዜ አይበላሽም ነበር? ጋራዡ ያለኝ ሌላ ነው። ፓምፑ አርጅቷል፤ የዚህ ዓይነት መኪና ጊዜው ሲደርስ እንደዚህ ያደርገዋል፣ ዋራንቲውንም የሚቆርጡት ያን አውቀው ነው አሉኝ። ልጅቷ ሳታጣራ ነው የደወለችው። አፏን አስይዛታለሁ።"

"ናፍጣው አይደለም?"

"አይደለም።"

"በወንድሜ አጥንት?"

ጎረቤትየው "ኧረ ይብቃ" ሊል አፉን ከፈተ። "በእሱ አጥንት አይደለም" አልኩ፤ አንደበቴ እንኳ አልተያዘም። ደንዝዞ መኖር ለዚህስ ይጠቅማል።

ዋርሳዬ ሳይቀመጥ የቆየበት ወንበር ላይ በአንድ ጊዜ ዘፍ አለ። ውኃ ጠየቀ። ብርጭቆውን ጨርሶ ሌላ ጠየቀ። አጠገቡ የነበረው ጎረቤቱ ጀርባውን ዳበሰው። "ታዲያ መኪናው ምን ይሆናል?" አለኝ ዋርሳዬ።

"ይሸጣል፣ እንዳለ። ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ እህል ነጋዴ ነኝ።" ስናገረው ቁርጥ ሆነ። ናፍጣው አይደለም ብዬ ለዚህ ሰው ከማልኩ በኋላ መጋዘን ሸጬ ባሠራው ገንዘቡን ከየት አመጣሽው ይለኛል፤ ልክፈል ብሎ ድጋሚ ይመጣል፤ በሄድኩ ቁጥርም ያንኑ ናፍጣ ይሞላልኛል። የመኪናው ነገር ያን ጠዋት እዚያው አለቀ።

ቁርስ በሉ። ዋርሳዬ በላ፤ በልጅነቱ ወንድሙ ከበቅሎ ላይ ስለወደቀበት ቀን እያወራ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ እሱ ሲያወራ ገና ያን ቀን ሰማሁት። ሲሄዱ ግቢ በር ድረስ ሸኘኋቸው። እሱና ጎረቤቱ ቀድመው ወጡ። ሀጂ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ አሉና፣ ሌሎቹ ራቅ እስኪሉ ቆይተው ቀና አሉ።

"እህቴ፣ ዋሽተሻል" አሉኝ።

የግቢውን በር ገርበብ አደረግኩት።

"ደግ አድርገሻል። አላህ ይቅር ይበልሽ፣ እኔም አብሬሽ ዝም ብያለሁ። ግን አንቺ ይሄን ታውቂያለሽ ብዬ ነበር፤ ፊትሽን ሳየው አታውቂም። ባልሽ በየመኸሩ ከወንድሙ ግቢ ሲወጣ ቀጥታ የሚመጣው እኔ ወፍጮ ቤት ነበር። መኪናውን ጓሮዬ ካለው ጉድጓድ በላይ ያቆማል። ሥሩ ይገባና የታንከሩን ቡሎን ፈትቶ ያን ናፍጣ በሙሉ በእኔ በርሜል ይገለብጠዋል። ከኋላ በጀሪካን የያዘው ንጹሕ አለው፤ እሱን ሞልቶ ይሄዳል። የእኔ ወፍጮ እንደ ኮምባይነሩ ነው፣ ያገኘውን ይጠጣል።"

"ለምን?" አልኩ።

"እኔም ብዬዋለሁ። 'ንገረው፣ ወንድምህ አይደል? መኪናው አይችለውም በለው' ብዬዋለሁ። 'ሀጂ፣ ወንድሜ ሌላ ምን ይሰጠኛል? ይሄን እምቢ ካልኩት እጁ ባዶ ይቀራል' አለኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ወላሂ እስከ ዛሬ ለልጆቼም አልተናገርኩም።" ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ጃባዹ እህቴ፣ በርቺ። አብሽሪ።" ሄዱ።

በሩን ይዤ ቆምኩ። መኸር በመጣ ቁጥር ባሌ ሸሚዙ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ነበር ከዲክሲስ የሚመለሰው። "ኮምባይነሩን ስነካካ ነው" ይለኛል። "ዕድሜ ልክህን ነጋዴ ሳትሆን መካኒክ ሆነህ ልትሞት ነው" እያልኩ በኦሞ እዘፈዝፈዋለሁ። ሚስቱ ነኝ፤ የሚሸተውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ወፍጮ ቤቱ የሚያውቀውን ግን አላውቅም። ያልነገረኝ ክፋት ኖሮበት አይደለም። አንድ ቀን እሱ ሳይኖር እኔ ያንን መኪና ይዤ እዚያ ግቢ እገባለሁ ብሎ አላሰበም። እሱ የሚሞት አልመሰለውም።

መደብር ደርሼ መዝጊያውን ገና ሳነሳ ልጄ ደወለች።

"አጎቴ መጣ አይደል? ምን አለ? ይከፍላል?"

"አይከፍልም። እሱ አይደለም ያበላሸው።"

"እማዬ፣ በናትሽ! ታዲያ ማነው?"

"አባትሽ ነው" አልኳት።

የመደብሩን መዝጊያ በእርግጫ አልኩት። ተናድጄ ነበር። ወንድሙን ላለማሳፈር ሥሩ ገብቶ ቡሎን ሲፈታ፣ እኔን አንዲት ቀን፣ ታሞ አልጋ ላይ እንኳ ተኝቶ ሳለ፣ "የወንድሜን ናፍጣ ወፍጮ ቤቱ ጋ አፍስሺው" ቢለኝ ምን ነበረበት? ልጄ "ሃሎ? እማዬ?" ትላለች። ያን ሰው እዚያው ፊቴ አቁሜ ልሳደበው ፈለግኩ፣ እሱም ያችን ሳቁን እየሳቀ እንዲሰማኝ ፈለግኩ። ከሞተ ጀምሮ እንደዚያን ዕለት ጠዋት ናፍቆኝ አያውቅም።